ልጆቹን ይዘን የትኛው የውሃ ፓርክ እንሂድ? በዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላለን ቤተሰቦች

ልጄ ደረጃውን ሲወጣ ከኋላው ነበርኩ። ደረጃው እርጥብ ነው፣ ሰልፉ ረጅም ነው። ጫፍ ላይ ስንደርስ ስላይዱን የምትጠብቀው ወጣት የቁመት መለኪያውን አጠገቡ አቆመች። ጭንቅላቱ ከመስመሩ በአንድ ጣት ታች ቀረ። በትህትና “አይቻልም” አለችው። ግማሽ ሰዓት የተሰለፈበትን ደረጃ እያለቀሰ ወረደ፣ ቀኑንም ያን ስላይድ አንጋጦ ሲያይ ዋለ።

ልጅቷ ሥራዋን ነው የሠራችው። ሳልለካው የወሰድኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም ጓደኛ ደውሎ “የትኛው የውሃ ፓርክ ይሻላል?” ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የልጆቹን ቁመት ነው። ብዙዎቻችን ግን የምንመርጠው “ትልቁ የትኛው ነው?” ብለን ነው። ከአምስት ዓመት ልጅ ጋር ለሚሄድ ሰው ትልቁ ፓርክ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ምርጫ ነው።

እዚህ የማወዳድራቸው ከዲሲ አካባቢ በመኪና የሚደረስባቸውን፣ ጣራ ስር ያሉ፣ ውጭ በረዶ ቢጥልም የሚሠሩ ቦታዎችን ነው።

## መጀመሪያ መመዘኛው

ቁመት። በአብዛኞቹ የውሃ ፓርኮች ሁለት መስመሮች አሉ። 42 ኢንች (107 ሴንቲ ሜትር ገደማ) እና 48 ኢንች (122 ሴንቲ ሜትር ገደማ)። ከ42 በታች የሆነ ልጅ ጥልቀት በሌለው ገንዳ፣ በትናንሽ ስላይዶችና በሚረጩ ውሃዎች ነው የሚጫወተው። በሁለቱ መሀል ያለው የተወሰኑትን ይሞክራል። 48 ያለፈ ልጅ ደግሞ አብዛኛው ነገር ይከፈትለታል። ስለዚህ ልጆቻችሁን ጫማ አውልቀው ግድግዳ ላይ ለኩ። ከዚያ የየፓርኩን ዝርዝር ከፍታችሁ ልጃችሁ ስንቱን መሞከር እንደሚችል ቁጠሩ። ከፓርኩ ስፋት ይልቅ ዋናው ያ ቁጥር ነው።

መንገድ። አራት ሰዓት ነድቶ ሄዶ፣ አምስት ሰዓት ዋኝቶ፣ አራት ሰዓት ነድቶ በዚያው ቀን መመለስ ለልጅም ለሹፌርም መከራ ነው። የእኔ ልክ በአንድ አቅጣጫ ሁለት ሰዓት ነው። ከዚያ ካለፈ ማደር ግድ ነው።

ጠቅላላ ወጪ። ትኬቱን ብቻ አትዩ። በሆቴሎቹ “ሪዞርት ፊ” የሚባል ተጨማሪ ክፍያ አለ። ፓርኪንግ፣ ቶል፣ ሎከርና ምግብ አለ። የቀን ትኬት ዋጋ እንደ ቀኑ ይለዋወጣል። በትልልቆቹ ፓርኮች ለአንድ ሰው ከ50 ዶላር አካባቢ ተነስቶ ዊኬንድና የትምህርት ቤት እረፍት ላይ ከ100 ሊያልፍ ይችላል። ሁሉንም ደምራችሁ ለሰው ብዛት፣ ከዚያም ውሃ ውስጥ ለምትቆዩበት ሰዓት አካፍሉት። ውድ የመሰለው ርካሽ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ምግብ። ይሄ ለእኛ ትልቅ ጉዳይ ነው። የፈረንጆች ገና እረፍት ሙሉ በሙሉ ጾመ ነቢያት ውስጥ ነው የሚወድቀው። የጸደይ እረፍትም ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾምን ያገኘዋል። ፓርኮቹ ውስጥ ያለው ፒዛ፣ በርገርና ዶሮ ነው። ለጾመኛ የሚቀረው የድንች ጥብስና ፍራፍሬ ነው። ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት ደግሞ በአብዛኛው ክልክል ነው። ስለዚህ ምግብ ማሞቂያና ፍሪጅ ያለው ክፍል መኖር አለመኖሩ ምርጫውን ሊገለብጠው ይችላል።

የማይዋኝ ሰው። እማማ ወይም አባባ አብረው የሚመጡ ከሆነ የሚያርፉበት ቦታ ይኖራል ወይ? ልብሳቸውን ለብሰው መቀመጥ ይችላሉ ወይ? ለመቀመጥ ብቻም ሙሉ ትኬት ይከፈላል ወይ?

## ግሬት ዎልፍ ሎጅ፣ ፔሪቪል ሜሪላንድ

በሀይዌይ 95 ወደ ሰሜን፣ ከሰስኩሃና ወንዝ ማዶ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ መንገዱ ከቀና አንድ ሰዓት ከሩብ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የባልቲሞር ቶነልና የወንዙ ድልድይ ቶል አላቸው። በ2023 ነው የተከፈተው። የውሃ ፓርኩ 128,000 ስኩዌር ፊት ገደማ ነው፤ ከአንድ ተኩል የእግር ኳስ ሜዳ ይበልጣል። ሰባት መቶ ያህል ክፍሎች አሉት።

ይህን ቦታ ለትናንሽ ልጆች ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ሙቀቱ ነው። ውሃውም አየሩም ዓመቱን ሙሉ 84 ዲግሪ ፋራናይት፣ 29 ሴልሺየስ አካባቢ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ከንፈሩ ሳይጠቁር ሁለት ሰዓት ይጫወታል። ሁለተኛው የሰዓቱ አያያዝ ነው። ያደረ እንግዳ ክፍሉን የሚረከበው ከቀኑ አሥር ሰዓት ጀምሮ ቢሆንም፣ ውሃው ውስጥ ግን ከሰባት ሰዓት ጀምሮ መግባት ይችላል። በማግስቱ ክፍሉን ከለቀቀ በኋላም ፓርኩ እስኪዘጋ መቆየት ይችላል። ማለትም የአንድ ሌሊት ክፍያ ሁለት ቀን ያዋኛል። ክፍሉን ሲከራዩ የተመዘገቡት ሰዎች ሁሉ መግቢያቸው ዋጋው ውስጥ ነው።

እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ፣ ልጆቹን መኪና ውስጥ አስገብቶ፣ ከሰዓት በኋላ ውሃው ላይ መድረስ ይቻላል። የእሑድ ሌሊት ዋጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዓርብና ከቅዳሜ ስለሚቀንስ፣ ሰኞ ትምህርት ከሌለ ማደር ያዋጣል።

ክፍሎቹ ማይክሮዌቭና ትንሽ ማቀዝቀዣ አላቸው። እኛ እንጀራውን ጥቅልል አድርገን፣ ሽሮውንና ምስሩን በክዳን ዕቃ ይዘን ነው የምንሄደው። ልጆቹ ፎጣ እንደተጠቀለሉ ክፍል ገብተው ትኩስ ሽሮ በእንጀራ ሲበሉ ያለው ደስታ ከስላይዱ አያንስም። ለአምስት ሰው የሁለት ጊዜ ምግብ ከቤት መያዝ የሚያድነው ገንዘብ ቀላል አይደለም።

የሚጠነቀቁበት ነገር ከውሃው ውጭ ያለው ነው። ከፓርኩ በር ወጥታችሁ ወደ ክፍላችሁ ስትሄዱ የጨዋታ ማሽኖች፣ ከረሜላ ቤትና ማጂክዌስት የሚባል በዘንግ የሚጫወቱት ጨዋታ አሉ። ዘንጉም ጨዋታውም በየራሳቸው ይከፈልባቸዋል። ልጆቹ ያዩታል፣ ይጠይቃሉ። ቤት ሳላችሁ “ይሄን ያህል ብቻ ነው” ብላችሁ ተስማሙ።

የዚሁ ድርጅት ሌላ ሎጅ ዊልያምስበርግ፣ ቨርጂኒያ አለ። ለአሌክሳንድሪያና ለውድብሪጅ ሰው ሊቀል ይመስላል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ግን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ፍሬድሪክስበርግ የሚወስደውን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ልጅ ይዞ እዚያ ትራፊክ ውስጥ መቀመጥ አይመከርም። ሐሙስ ማታ ወይም ቅዳሜ በጠዋት ውጡ።

## ካላሃሪ፣ ፖኮኖስ ፔንሲልቬኒያ

አራት ሰዓት ገደማ ይነዳል። በ2015 ተከፍቶ በ2017 ሲሰፋ 220,000 ስኩዌር ፊት ደረሰ። ሦስት የእግር ኳስ ሜዳ ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። ጣራው ብርሃን ስለሚያስገባ ቤት ውስጥ የመሆን ጭንቀት የለውም። ማስጌጫው አፍሪካዊ ነው፤ የእንስሳት ሐውልቶችና ቅርጻ ቅርጾች በየቦታው አሉ። ልጆቼ “ይሄ ኢትዮጵያ ውስጥ አለ?” እያሉ ሲጠይቁኝ ነው የዋሉት። ዝሆኑን አዎ፣ አንበሳውን አዎ አልኳቸው። ስለ ጥቁር አንበሳችን ለማውራትም ምክንያት ሆነልን።

ይህ ቦታ ከ48 ኢንች በላይ ለሆኑ፣ ከስምንት ዓመት ጀምሮ እስከ አፍላ ጎረምሳ ላሉ ልጆች ነው። አሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጅ በትናንሾቹ ቦታዎች ሁለት ሰዓት ተጫውቶ “ሰለቸኝ” ይላል። እዚህ ሁለት ቀን አይበቃውም። ለትንንሾችም ክፍል አለ፣ ግን የአራት ዓመት ልጅ ብቻ ያለው ቤተሰብ ስምንት ሰዓት ደርሶ መልስ ነድቶ፣ ግማሹን እንኳ ለማይነካው ፓርክ መክፈል የለበትም። አንድ ሌሊት ማደርም አያዋጣም፤ ከሄዳችሁ ሁለት ሌሊት አስቡ።

ድርጅቱ ቨርጂኒያ ስፖትሲልቬኒያ ካውንቲ ውስጥም ትልቅ ሪዞርት ሲሠራ ቆይቷል፤ እንዲከፈት የታቀደው 2026 መጨረሻ ላይ ነው። ለሰሜን ቨርጂኒያ ሰው ይህ የመንገዱን ሂሳብ በሙሉ ይቀይረዋል። ፖኮኖስን ከመያዛችሁ በፊት የእሱን ሁኔታ እዩ።

## ድሪምዎርክስ የውሃ ፓርክ፣ ኒው ጀርሲ

ኢስት ራዘርፎርድ ውስጥ፣ አሜሪካን ድሪም በሚባለው ግዙፍ ሞል ውስጥ ነው። በ2020 ተከፈተ። ስምንት ተኩል ኤከር ነው፣ አምስት የእግር ኳስ ሜዳ ሊሞላ ምንም አይቀረው። የማዕበል ገንዳው ብቻ አንድ ተኩል ኤከር ነው። ስፋት ለሚፈልግ ከዚህ በላይ የለም።

ትኬቱ ከሆቴል ጋር አልተያያዘም። የቀን ትኬት ትገዛላችሁ፣ ትዋኛላችሁ፣ ትወጣላችሁ። ማደሪያ ለብቻው፣ ፓርኪንግ ለብቻው፣ ቶሉም ቀላል አይደለም። ማይክሮዌቭ ያለው ክፍላችሁ እዚያው ፎቅ ላይ የለም። ስለዚህ ከዲሲ ለዚህ ብሎ ብቻ መሄድን አልደግፍም። ኒው ጀርሲ ወይም ኒው ዮርክ ዘመድ ካላችሁ ግን ሌላ ነገር ነው። ለሠርግ ወይም ለክርስትና በሄዳችሁበት፣ አክስት ቤት አድራችሁ፣ በማግስቱ ትልልቆቹን ልጆች ይዛችሁ ግቡ። ያኔ ለማደሪያ አትከፍሉም።

## ማሳነተን፣ ቨርጂኒያ

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ሃሪሰንበርግ አጠገብ፣ ሸናንዶዋ ሸለቆ ውስጥ ነው። በ66 ምዕራብ፣ ከዚያ በ81 ደቡብ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ። የውሃ ፓርኩ 42,000 ስኩዌር ፊት ነው፣ ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ትንሽ። ለአንድ ቀን ግን ይበቃል።

ለእኛ ሰው ዋናው ጥቅሙ ማደሪያው ነው። ሪዞርቱ ውስጥ ሙሉ ወጥ ቤት ያላቸው ቤቶች ይከራያሉ። ምድጃ፣ ድስት፣ የምግብ ጠረጴዛ። ሁለት ሦስት ቤተሰብ ተሰባስቦ አንድ ላይ ሲከራይ ለየሰው የሚደርሰው ይቀንሳል። ማታ ቡና ተፈልቶ፣ ልጆቹ ፒጃማ ለብሰው ሲሯሯጡ፣ እማማ ጋቢያቸውን ለብሰው መስኮቱ አጠገብ ተራራውን ሲያዩ፣ ጉዞው የቤተሰብ ጉዞ ይሆናል። ዕጣኑን ግን ተዉት፤ ኪራይ ቤት ውስጥ የጭስ ደወል አለ።

በብርዱ ወራት እዚያው በረዶ ላይ መንሸራተትም አለ። ልብ በሉ፣ ማደሪያና የውሃ ፓርክ ትኬት ለየብቻ ናቸው። ሁለቱንም ቀድማችሁ ያዙ፤ ቤቱን ይዞ ትኬት ማጣት አለ።

## የካውንቲው መዋኛ

ከዚህ ሁሉ በፊት አጠገባችሁ ያለውን እዩ። ሻንቲሊ ያለው የከብ ረን ሪክሪየሽን ሴንተር ስላይዶችና ቀስ ብሎ የሚፈስ ወንዝ አሉት። አርሊንግተን ውስጥ በ2021 የተከፈተው ሎንግ ብሪጅ የቤተሰብ ገንዳ አለው። በሜሪላንድም በኩል የሞንትጎመሪ ካውንቲ ጣራ ያላቸው መዋኛዎች አሉ። ዋጋው ከትልልቆቹ ጋር አይወዳደርም፣ ለካውንቲው ነዋሪ ደግሞ ይቀንሳል።

ልጃችሁ ውሃ የሚፈራ ከሆነ፣ ወይም ከ42 ኢንች በታች ከሆነና ሌላ ልጅ ከሌላችሁ፣ ትልቁ ፓርክ ዘንድሮ ይቆይ። እዚህ አምስት ቅዳሜ ውሰዱት። ዋና ትምህርትም እዚያው አለ። ብዙዎቻችን ወላጆች ራሳችን ዋና ሳንማር ነው ያደግነው፣ ልጆቻችን ግን እንዲማሩ እፈልጋለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ትልቁ ፓርክ ስትሄዱ ያው ልጃችሁ ሌላ ልጅ ሆኖ ነው አብሯችሁ የሚሄደው።

## በአንድ ላይ ሲታዩ

| ቦታ | መንገድ (በአንድ አቅጣጫ) | ማደሪያ | ምግብ ከቤት | ለማን |
|---|---|---|---|---|
| ግሬት ዎልፍ፣ ፔሪቪል | 1:15–1:30 ሰዓት | እዚያው፤ መግቢያው ዋጋው ውስጥ ነው | ክፍል ውስጥ ይቻላል | ከ2 እስከ 9 ዓመት |
| ግሬት ዎልፍ፣ ዊልያምስበርግ | 2:30 ሰዓትና በላይ | እንደ ፔሪቪል | ክፍል ውስጥ ይቻላል | ለደቡባዊው የቨርጂኒያ ነዋሪ |
| ካላሃሪ፣ ፖኮኖስ | 4 ሰዓት ገደማ | እዚያው፤ 2 ሌሊት ይመከራል | ክፍል ውስጥ ብቻ | ከ48 ኢንች በላይ፣ ጎረምሶች |
| ድሪምዎርክስ፣ ኒው ጀርሲ | 4 ሰዓት ገደማ | ለብቻው | አይመችም | እዚያ ዘመድ ላለው |
| ማሳነተን | 2:15 ሰዓት ገደማ | ወጥ ቤት ያለው ቤት፤ ትኬት ለብቻው | ማብሰልም ይቻላል | ለብዙ ቤተሰብ፣ ለአያቶች፣ ለጾም ወቅት |
| የካውንቲ መዋኛ | ቅርብ | አያስፈልግም | ቤት ትበላላችሁ | ለጀማሪ፣ ለአነስተኛ በጀት |

## እንደ ቤቱ ሁኔታ

ሁለት ትናንሽ ልጆች ያሉት፣ ወጪውን መቆጣጠር የሚፈልግ ቤተሰብ፦ ፔሪቪል፣ የእሑድ ሌሊት፣ ምግብ ከቤት። በጀቱ አዳር የማይችል ከሆነ በሥራ ቀን የሚሸጥ የቀን ትኬት ፈልጉ።

ትልቅና ትንሽ የተቀላቀሉበት ቤት፣ ለምሳሌ የአሥራ ሦስትና የአምስት ዓመት ልጆች ያሉት፣ ከሁሉም ይከብዳል። እኔ ለትንሹ አደላለሁ። ትልቁ የአጎቱን ልጅ ወይም ጓደኛውን ይዞ ከሄደ ፔሪቪልም ይበቃዋል። ብቻውን ከሆነ ግን የትም ብትወስዱት ስልኩን ነው የሚፈልገው።

ቀኑን በተመለከተ፣ የእኛ የዘመን አቆጣጠር እዚህ ላይ ጥቅም አለው። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ሲውል የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ከእረፍት ተመልሰዋል። ሆቴሎቹ ባዶ ናቸው፣ ዋጋው ይወርዳል። ለበዓሉ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የምታስቀሩ ከሆነ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ያለው ቀን በጣም ጥሩ ነው፤ ጾሙም ተፈቷል። ጥምቀት ግን ተቃራኒው ነው። ከማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ጋር ስለሚቀራረብ ሰውም ይበዛል፣ ዋጋም ይሰቀላል።

## ውሃው ውስጥ

የምነግራችሁ ነገር ቢኖር ይሄኛው ከሁሉ ይበልጥብኛል። አሜሪካ ውስጥ ከ1 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች ቁጥር አንድ የሞት ምክንያት መስጠም ነው። የሚሰምጥ ልጅ ደግሞ አይጮህም፣ እጁንም አያውለበልብም። ዝም ብሎ ነው የሚገባው። ጠባቂ አለ ብላችሁ አትመኑ።

እኛ ደግሞ በብዛት ነው የምንሄደው። አሥር አዋቂ ባለበት ሁሉም “እነ እገሌ እያዩት ነው” ብሎ ይዘናጋል። በተራ አድርጉት። ሃያ ሃያ ደቂቃ፣ አንድ አዋቂ፣ ስልክ የለ ወሬ የለ። እኛ ቀይ ኮፍያ አለን። ኮፍያውን ያደረገ ሰው ከውሃው ዓይኑን አያነሳም፤ ለተረኛው በእጁ ካልሰጠ አያወልቅም። መዋኘት የማይችል ልጅ ከእጃችሁ አይራቅ። ላይፍ ጃኬት በነጻ ከሚሰጡት ውሰዱ፤ በትንፋሽ የሚነፋውን የክንድ ፊኛ ቤት ተዉት።

የልጃገረዶች ጸጉር ሌላው ጣጣ ነው። ከመግባታቸው በፊት በንጹሕ ውሃ አርሱት፣ ቅባት ቀቡት፣ ሹሩባ ተሠርቶ ኮፍያ ቢደረግበት ይሻላል። የራሰ ጸጉር የክሎሪኑን ውሃ ያን ያህል አይመጥም። አስም ያለበት ልጅ ካለ መድኃኒቱን ገንዳው አጠገብ ያዙ፤ ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥለው ሽታ ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሃድ የሚወጣ ነው። ሳይታጠቡ አለመግባት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ደግሞ፣ ቢሻለውም፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆይ።

ሰውነቷን ሸፍና መዋኘት የምትፈልግ እናት ከዋና ጨርቅ የተሠራ ረጅም ልብስ ትያዝ። ጥጥ ውሃ ሲገባው ስለሚከብድ በብዙ ቦታ አይፈቀድም።

ከመክፈላችሁ በፊት ደውላችሁ አራት ነገር ጠይቁ። ቦታ ማስያዣው ላይ የስንት ሰው መግቢያ ተካቷል? የማይዋኝ አያት ይከፍላል? ሪዞርት ፊ ተጨምሮ ጠቅላላው ስንት ነው? ልጅ ቢታመምብን እስከ ስንት ቀን ድረስ መሰረዝ ይቻላል? የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ በብርዱ ወራት ግን ዋዜማው ላይ ትኩሳት የሚይዘው ልጅ አይጠፋም።